ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የሥራ ደህንነት ከየት ይጀመራል?

ጥያቄው፦ «በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ወረዳ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት የሰው ሀብት ሥራ ላይ ያለሁ ኢንስፔክተር ነኝ። የሙያ ደህንነትና ጤንነት ፖሊሲ ከበላይ ወርዶልን በስድስት ወር ውስጥ ተግባራዊ አድርጋችሁ ሪፖርት አቅርቡ ተብለናል። ለዚህ የተያዘ በጀት የለም። አባላቱ ‹ፖሊስ ሆኖ ስለ ደህንነት ማውራት ፍርሃት ነው፤ ደግሞም አዋጁ እኛን አይመለከትም› ይሉኛል። እኔ ራሴ ባለፈው ክረምት ከፒካፕ ስወርድ ጉልበቴን ተጎድቼ እስካሁን ደረጃ ስወጣ ያመኛል፤ ይህን ያነሳሁት ግን ለጨዋታ ያህል ነው። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

ኢንስፔክተር፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። «ለጨዋታ ያህል» ያሉት የጉልበትዎ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

የሕጉን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። አባላቱ የሚሉት በከፊል እውነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 3 የፖሊስ አባላትን ከመከላከያ አባላትና ከዳኞች ጋር ከተፈጻሚነቱ ውጭ አድርጓቸዋል። ስለዚህ የፋብሪካ ሠራተኛ የሚጠቅሰውን አንቀጽ የእርስዎ አባል ጠቅሶ ሊከራከርበት አይችልም። ከዚያ ተነሥቶ ደህንነት እኛን አይመለከትም ማለት ግን ስሕተት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ንዑስ አንቀጽ 2 ለሠራተኞች ዕረፍትን፣ የተወሰነ የሥራ ሰዓትንና ጤናማ የሥራ አካባቢን መብት አድርጎ አስቀምጧል። አገራችን በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ደግሞ የሥራ ዘርፎች ሲል የመንግሥትንም አገልግሎት እንደሚጨምር በግልጽ ተጽፎበታል። ልዩ ችግር ያለባቸውን አንዳንድ ዘርፎች ለማስቀረት በር ቢከፍትም መነሻው ሁሉንም ማቀፍ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ለአባሉ ቅርብ የሆነው የጡረታው ነገር ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ፖሊስንም ይሸፍናል፤ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ጥቅምም አለበት። ያ ጥቅም የሚገኘው ግን ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ለመሆኑ ማስረጃ ሲቀርብ ነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ የምሰጥዎ ምክር አብዛኛው እዚህ ላይ የቆመ ነው።

አዛዥዎ «ይህ የፋብሪካ ነገር ነው» ካሉ የእንግሊዞችን ታሪክ ይንገሯቸው። እንግሊዞች የሥራ ቦታ ደህንነት ሕጋቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ፖሊሶቻቸው ግን እስከ 1998 ድረስ ከሕጉ ውጭ ነበሩ፤ በእነሱ ሕግ ኮንስታብል ሹመት የተሰጠው ሰው እንጂ ተቀጣሪ አይደለምና። በ1997 ለፖሊስ ብቻ የሚሆን ሕግ አወጡ፣ በዓመቱ ሥራ ላይ ዋለ። ብዙም ሳይቆይ ለንደን ውስጥ ተጠርጣሪ ሲያሳድዱ ከጣራ ከወደቁ ሁለት ፖሊሶች አንዱ ሞተ፣ ሌላው ክፉኛ ተጎዳ። በዚህ ሳቢያ በ2003 የከተማዋ የፖሊስ አዛዥና ከእሳቸው በፊት የነበሩት አዛዥ በግላቸው ተከሰው ፍርድ ቤት ቆሙ። ጥፋተኛ አልተባሉም፤ በ2005 ደግሞ ሕጉ ተሻሽሎ ተጠያቂነቱ ከሰውየው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ዞረ። በ2009 የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤታቸው ለፖሊስ ባወጣው መግለጫ፣ አንድ ፖሊስ የሰው ሕይወት ለማትረፍ በራሱ ውሳኔ ራሱን ለአደጋ ቢሰጥ በዚያ እሱን መክሰስ ለሕዝብ እንደማይጠቅም አስታወቀ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ አገር ሰው በተለይ የሚሆን ይመስለኛል። እኔ ቢቸና ተወልጄ ሽለላና ፉከራ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ጎጃም ውስጥ ለአንድ ወንድ «ተጠንቀቅ» ማለት «ፈሪ ነህ» ከማለት ጋር ተቀራራቢ ሆኖ የሚሰማበት ጊዜ ብዙ ነው። አባላቱን በዚህ አይውቀሷቸው። ይልቅ ሁለቱን አደጋዎች ለይተው ያሳዩአቸው። በሙላት የተወሰደ ሕፃን ለማውጣት ወንዝ ውስጥ የገባ አባል ጀግና ነው፤ ፖሊሲውም እሱን አይነካውም። ያው አባል በማግስቱ ጎማው ባለቀ ፒካፕ ጀርባ ቆሞ ዓባይ በረሃን ሲወርድ ቢሞት ግን የሞተው ማንም ሳይጠቀም ነው። ፖሊሲው ይህንን ሁለተኛውን ሞት ለማስቀረት የመጣ ነው ብለው ይንገሯቸው። እኔ ይህን ያልኩበት ቦታ ሁሉ ሳቁ ቆሞ ጥያቄ ሲጀመር አይቻለሁ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ያለው ግጭት ስንት ሰው እንደቀጠፈ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ስለ ጥይትና ስለ ደፈጣ እዚህ አልጽፍም፤ እሱ የግዳጅ ዕቅድ ነው፣ ቦታውም ሌላ ነው። የምጽፈው በሰላሙም በክፉውም ቀን፣ ማንም ሳይተኩስባቸው፣ አባላትን ስለሚጎዳውና ስለሚገድለው ነገር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ከመዝገብ ይጀምሩ። ሥልጠና፣ ኮሚቴ፣ ባነር ሁሉ ይቆይ።

ምክንያቴን ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት የደህንነት መመሪያ እንዳዘጋጅ ተጠርቼ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ የተሰደረ፣ እኔም የኮራሁበት ሰነድ አስረከብኩ። ከዓመት በኋላ ስመለስ ሰነዱ ከነላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ነበር። እሱ አይደለም ያሳዘነኝ። በዚያው ዓመት የሌሊት ጠባቂያቸው ብርዱን ለመቋቋም ከሰል አቀጣጥሎ ጠባብ የጥበቃ ቤት ውስጥ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ሲነጋ ራሱን ስቶ አገኙት። ሰውየው ተረፈ። መዝገቡ ላይ የተጻፈው ግን አንድ ቃል ነው፦ «ታመመ»። ከሰሉም አልተጻፈም፣ የተዘጋው በርም አልተጻፈም። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጠባቂ እዚያው ቤት ውስጥ እዚያው ምድጃ ላይ ከሰል አቀጣጠለ። የእኔ መመሪያ ስለ ከሰል አንድም መስመር አልነበረውም፤ ስጽፈው ማንንም አልጠየቅሁማ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ መሥሪያ ቤትም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ከዕለት ሁኔታ መዝገቡ ጎን አንድ ተራ ደብተር ያስቀምጡ። ቀን፣ ቦታ፣ ምን ሲሠራ፣ ምን ሆነ፣ ምን ተደረገ፤ ከዚህ በላይ ዓምድ አይጨምሩበት። የተጎዳ ብቻ ሳይሆን ለጥቂት የተረፈም ይጻፍ፦ ፒካፑ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ገደል አፋፍ ቆመ፣ መሣሪያ ሲያራግፍ ሳያስበው ተኮሰ ግን ማንንም አላገኘም፣ የታሳሪ ደም እጁ ላይ ፈሰሰ። እነዚህ ነገ የሚመጣውን የሚነግሩን ናቸው። እንደማውቀው ግን አባል እንዲህ ያለውን አይጽፍም፤ ቢጽፍ በግምገማ ላይ ይነሣብኛል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ አዛዥዎ ጠዋት ሰልፍ ላይ በአባላቱ ፊት፣ በራሳቸው አንደበት፣ እዚህ ደብተር ላይ የተጻፈ ነገር ለዲሲፕሊን ክስ መነሻ እንደማይሆን መናገር አለባቸው። ሰክሮ መሣሪያ የያዘን ወይም ሆን ብሎ ያጠፋን ሰው በሌላው መንገድ መጠየቅ ይቻላል፤ ደብተሩን ግን ለዚያ አይጠቀሙበት። አንድ ጊዜ ለክስ ከዋለ ሁለተኛ የሚጽፍበት አይገኝም።

ደብተሩ እስኪሞላ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለብዎትም። በእኛ አካባቢ የትም ጣቢያ ቢሄዱ የማያጡትን አራት ነገር እነግርዎታለሁ።

አንደኛው መኪና ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ካልወረደ ፍሬኑ ግሎ እንደሚከዳው ያውቃል፤ ችግሩ ግን «ቶሎ ድረሱ» ሲባል ማወቁ አይጠቅመውም። ክረምት ላይ ወደ ሞጣና ወደ ጮቄ ዳገቶች የሚወጡት የገጠር መንገዶች ደግሞ ሌላ ፈተና ናቸው። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ሹፌሩ ከመነሣቱ በፊት ጎማ፣ ፍሬን፣ መብራትና ዝናብ መጥረጊያ አይቶ ፊርማውን ያኑር፤ መኪናው አይሆንም ካለ የስምሪት ኃላፊው እንዲያስገድደው አይፈቀድለት። ከፒካፕ ጀርባ ማንም ቆሞ አይሂድ፣ ጠርዙ ላይም አይቀመጥ። መኪና ሳይቆም አይዘለል። ሞተር ሳይክል የሚነዳ አባል ያለ ሄልሜት አይውጣ፤ ሄልሜት የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ፣ ሞትን በ42 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች ተደምረው አሳይተዋል። ይህን ያህል ሕይወት በዚህ ዋጋ የሚያተርፍ ሌላ ዕቃ አላውቅም። ትራፊኮቻችሁ ምሽት ላይ አንጸባራቂ ጃኬት ሳይለብሱ አስፋልት ላይ እንዳይቆሙ፤ መኪና አስቁመው ሲያነጋግሩም ከኋላ የሚመጣውን አይሱዙ የሚያይላቸው ሁለተኛ ሰው ይኑር።

ሁለተኛው የገዛ መሣሪያችን ነው። አደጋ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ግዳጅ ላይ ሳይሆን ከግዳጅ መልስ፣ ደክሞ፣ በረንዳ ላይ እያወራ ሲያራግፍ ነው። በግቢው አንድ ጥግ አሸዋ የተሞላ በርሜል አጋድማችሁ አስቀምጡ፤ ማራገፍ እዚያ ብቻ ይሁን። አፈሙዙ ወደ በርሜሉ፣ ጣት ከምላጩ ውጭ፣ መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፣ ከዚያ ስቦ የቀረውን ጥይት ማውጣት፣ ከዚያ ውስጡን በዓይን ማየት። ካዝናውን ሳያወጡ መሳብ አዲስ ጥይት እንደሚያጎርስ ሁሉም ያውቃል፤ የደከመ ሰው ግን ይረሳል። ስለዚህ ሁለተኛ ሰው አጠገቡ ቆሞ ይይ። በርሜሉና አሸዋው ብር አያስወጣም። መሣሪያውን ይዞ ቤቱ የሚያድር አባል ካለ ጥይትና መሣሪያ ለየብቻ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ተኩስ ልምምድ ላይ ጆሮ መሸፈን ይገባል፤ የጠብመንጃ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ሆኖ ጆሮን ይጎዳል፤ የጠፋ መስማት ደግሞ አይመለስም።

ሦስተኛው ያ ከሰል ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ጮቄ ግርጌ ሌሊት ጥበቃ የቆመ ሰው ብርዱን ያውቀዋል፤ «ከሰል አታቀጣጥል» ብሎ መለጠፍ ብቻ ሰውን ለብርድ ትቶ መሄድ ነው። የከሰሉ መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ያፈዝና ያስተኛል፣ ከዚያ ይገድላል። ምድጃው ከቤቱ ውጭ በዳስ ሥር ይሁን። የጥበቃ ቤቱ በበሩ ሥርና ከላይ ፈጽሞ የማይዘጋ ቀዳዳ ይኑረው። ጥበቃው በየሁለት ሰዓቱ ይቀያየር፣ ካፖርትና ትኩስ ሻይ ይቅረብለት። ቆላ ለተመደቡት ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ዓባይ በረሃ ውስጥ ኬላ ላይ የሚያድር አባል የሚያስፈልገው አጎበር፣ ጥላና ውኃ ነው። ከደጋ የመጣ አባል ወባ ሲይዘው «ብርድ ነው» ብሎ ይተኛል። ትኩሳት የተሰማው በዚያው ቀን ደሙን እንዲመረመር የስምሪት ኃላፊው ይላከው።

አራተኛው ማረፊያ ቤቱ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የታሳሪው ጤንነትና የጠባቂው ጤንነት አንድ መሆኑን ብዙ አዛዦች አያስተውሉትም። ቲቢ በአየር ይተላለፋል። መስኮቱ ከተደፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ የሚያስል ሰው ካለ አብረውት የታሰሩት ብቻ ሳይሆኑ በር የሚከፍተውና ቃል የሚቀበለው ፖሊስም ያንኑ አየር ይተነፍሳል። መስኮት መክፈት፣ ለደህንነት ሲባል ከተደፈነም በፍርግርግ መተካት፣ ሁለት ሳምንት ያሳለን ታሳሪ ወይም አባል ወደ ጤና ጣቢያ መላክ፤ የቲቢ ምርመራውና ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ቅማል ካለ ግርሻና ተስቦ ይከተላሉ፤ ልብስ የሚቀቀልበት ውኃና ሳሙና ያዘጋጁ። ፍተሻ ላይ ደግሞ እጅ በጭፍን ኪስ ውስጥ አይገባም። ታሳሪው ራሱ ኪሱን ይገልብጥ፣ ምላጭና መርፌ እንዳለው አስቀድሞ ይጠየቅ። ጓንት ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነውር የለውም። ደም ቁስሉ ላይ የፈሰሰበት ወይም ስለት የወጋው አባል በውኃና በሳሙና ታጥቦ በዚያኑ ሰዓት ጤና ተቋም ይሂድ። ለኤች አይ ቪ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሠራም፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፤ 28 ቀን ይወሰዳል። ይህን ሰዓት የማያውቅ የፈረቃ ኃላፊ ሊኖርዎት አይገባም።

ስለ እንቅልፍ የሚከራከርዎት አይጠፋም። 17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል ታይቷል። ቀን ውሎ ሌሊት ያደረ አባል መሪ እንዲይዝ መፍቀድ የጠጣ ሰው እንዲነዳ ከመፍቀድ ብዙ አይለይም። የሰው እጥረት እንዳለ አውቃለሁ። ቢያንስ ሌሊት ያደረ ሹፌር ጠዋት እንዳይነዳ፣ መሣሪያ ክፍሉንም እንዳይረከብ አድርጉ። ከዚህ ዝቅ ያለ ነገር ልመክርዎ አልችልም።

የልብ ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ጓደኛው አጠገቡ የወደቀበት፣ የሕፃን ሬሣ ያነሣ፣ ሰው የገደለ አባል ዝም ይላል፤ ወይም መጠጥ ያበዛል፤ ወይም ቤቱ ገብቶ በሚስቱና በልጆቹ ላይ ይጮኻል። አዛዡ በሦስተኛው ቀን ጠርተው «እንዴት አደርክ፣ እንቅልፍ ይወስድሃል?» ብለው ቢጠይቁት ብዙ ነው። አባሉ ጸበል ልሂድ፣ ከንስሐ አባቴ ጋር ልነጋገር ቢል ፈቃድ ይስጡት፤ ሐኪም ዘንድ መሄዱን ግን አይተካም፣ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ስለ መሞት ማውራት የጀመረን ሰው ሳያሳፍሩ መሣሪያውን ተቀብሎ፣ ሰው አጠገቡ አድርጎ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። «ያበደ» የሚል ቃል ጣቢያው ውስጥ እንዳይሰማ።

በጀትን በተመለከተ፦ እስካሁን ከዘረዘርኩት ውስጥ አብዛኛው ወጪው እጅግ ትንሽ ነው ወይም የለውም። ሄልሜት፣ ጃኬት፣ ጎማና የቤት ጥገና ገንዘብ ይጠይቃሉ። እነሱን ያለ ማስረጃ ከጠየቁ «ሲፈቀድ እናያለን» ይባላሉ፤ ደብተሩን ይዘው ከቀረቡ ግን «በአራት ወር ሦስት ጊዜ በዚህ ጎማ ተንሸራተናል፤ ቀኑ ይኸው፣ ቦታው ይኸው» ማለት ይችላሉ። የበጀት ጥያቄው የሚዘጋጅበት ወቅት ሳያልፍ ይህን ያድርሱ።

ለሥራው ስንት ሰው ልመድብ ካሉኝ ሦስት ይበቃሉ፤ አንድ ከስምሪት፣ አንድ ከተራ አባላት፣ አንዲት ሴት አባል። ሴቷን ለቁጥር አይደለም የምልዎ። የሴት አባላት መጸዳጃ ቤት በጨለማ ግቢ ጫፍ ላይ መሆኑን፣ ነፍሰ ጡሯ አባል ሌሊት ጥበቃ ላይ መመደቧን፣ ከገዛ ባልደረባ ወይም አለቃ የሚመጣ ትንኮሳን ወንዶቹ አያነሡትም። ሦስቱ በየሳምንቱ ደብተሩን ያንብቡ። ከተጻፈው አንዱን ብቻ መርጠው፣ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ በአምስት ደቂቃ፣ ምን እንደሆነና ምን እንደተስተካከለ ይናገሩ። የጻፈው አባል የተጻፈው ሲስተካከል ካላየ ሦስተኛ ጊዜ አይጽፍም። ስለዚህ ቀላሉን በመጀመሪያው ሳምንት አስተካክሉ፤ የተሰበረ ደረጃ፣ የጠፋ አምፖል፣ ያ በርሜል።

ሪፖርቱ ላይ «100 በመቶ ተግባራዊ ሆኗል» ብለው እንዳይጽፉ አደራ። ስንት ተጻፈ፣ ስንቱ ተስተካከለ፣ ስንቱ ከአቅማችን በላይ ሆኖ ለበላይ ተላከ ብለው ያቅርቡ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የጉዳቱ ቁጥር ይጨምራል። አዛዥዎ እንዳይደነግጡ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ድሮም የነበረ ጉዳት ነው፣ አሁን ተጻፈ።

አሁን ወደ ጉልበትዎ። ጉዳቱ በሥራ ላይ ደርሶብዎት፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ፣ ከየትኛው መኪና ሲወርዱ እንደሆነ የተጻፈ ነገር የለም። ከዓመታት በኋላ ቢብስና የሕክምና ቦርድ ፊት ቢቀርቡ ማን ይመሰክርልዎታል? ያን ቀን አብሮዎት የነበረው አባል ነገ ተዛውሮ ፍኖተ ሰላም ወይም እንጅባራ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ሳምንት ሐኪም ይመርምርዎና ወረቀቱን ይያዙ። አብረውዎት የነበሩትን ሰዎች ስም ከሁኔታ መዝገቡ ቀን ጋር አስተያይተው ያግኙ። ከዚያ አዲሱን ደብተር ሲከፍቱ የመጀመሪያው መስመር ላይ የራስዎን ጉዳት ይጻፉና ጠዋት ሰልፍ ላይ ራስዎ ያንብቡት፦ ኢንስፔክተሩ፣ ባለፈው ክረምት፣ ከሚሄድ ወይም ከቆመ ፒካፕ ሲወርዱ፣ ቀኝ ወይም ግራ ጉልበት። ሁለተኛውን መስመር ማን እንደሚጽፈው ይጠብቁ።